መስታወቱ አልፈሰሰም

በማኅበራችን የሩብ ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር



የሂሳብ ሠራተኛዋ ንግግር ታደርጋለች ሲባል ብዙዎቻችሁ ገቢና ወጪ ልታነብብን ነው ብላችሁ እንደመጣችሁ ከፊታችሁ ይታወቃል። አይዟችሁ፤ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት በጽሑፍ ታድሏችኋል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ መስታወት ነው። ስለ መስታወት ስናገር ግን ስለ ራሴ አንድ ስህተትም እናገራለሁ። ስህተቱ ገንዘባችሁን ሊያስወጣ ትንሽ ቀርቶት ስለነበር የማወቅ መብት አላችሁ።

እንደምታውቁት ይህ በኪራይ የያዝነው ቤት የድሮ ቤት ነው። የፊት ለፊቱ በረንዳ በእንጨት ፍሬም የተከፋፈሉ 23 ትናንሽ መስታወቶች አሉት። በእነሱ ውስጥ ወደ ውጪ ስናይ የግቢው ዛፍ የተጣመመ ይመስላል፤ ጭንቅላታችንን ስናንቀሳቅስ ደግሞ ዛፉም አብሮን ይወዛወዛል። ባለፈው ክረምት በአንድ ነፋሻ ማታ ከመስታወቶቹ አንዱ ወድቆ ተሰበረ። በማግስቱ የልብስ ስፌት ክፍሉ ውኃ ገብቶበት አገኘነው። በኪራይ ውላችን መሠረት እድሳቱ የእኛ ኃላፊነት ስለሆነ አንድ መስታወት ገጣሚ ጠራን።

ሰውየው ስባሪውን አንስቶ በጣቱ ዳሰሰና፣ «አያችሁ? ከታች ወፍራም፣ ከላይ ስስ ነው። መስታወት እኮ ፈሳሽ ነው። በዝግታ ወደ ታች ይፈሳል። እነዚህ ሁሉ ከላይ ሳስተዋል፤ ተራ በተራ ይወድቁባችኋል» አለን። ሁሉንም አውርደን በአዲስ እንድንተካም መከረን።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት የሚመጣው። የኮሚቴው አባላት ዞር ብለው አዩኝ። እኔም ያለ ምንም ማመንታት፣ «ትክክል ነው፤ ተማሪ ሳለሁ ተምሬዋለሁ። በአውሮፓ የድሮ አብያተ ክርስቲያናት መስታወት ከታች ወፍራም የሆነው በመፍሰሱ ነው» አልኩ። እውነቴን ነው፤ በክፍል ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ግን አንድ ቀን እንኳ አጣርቼው አላውቅም ነበር። የተማረችው ልጅ ካለች እንግዲህ ተባለና ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። የእኔ ዲፕሎማ የሂሳብ አያያዝ ነው፤ ስለ መስታወት የሚለው ነገር የለም። ያን ዕለት ግን ዲፕሎማዬን ለማያውቀው ነገር ምስክር አድርጌ አቆምኩት።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን በደንብ ሠራሁ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ፣ ዋጋ አወዳደርኩ፣ የክፍያ ማዘዣውን አዘጋጀሁ። ገንዘቡ ሊወጣ የታሰበው ከተዘዋዋሪ የብድር ሂሳባችን ነበር። ሌላ በቂ ገንዘብ ያለበት ሂሳብ አልነበረንም። በዚያ ወር የብድር ተራቸው የደረሰ ሁለት እህቶች ነበሩ። አንደኛዋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ እንጀራ ጋግራ ለመሸጥ ደንበኞቿን ጨርሳ ነበር። ብድሩ እንደሚዘገይ ስነግራት፣ «ለቤቱ ከሆነ እሺ፣ እኔ እቆያለሁ» ብቻ አለችኝ። ፊቷን ግን አይቼዋለሁ።

ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ከመካከላችን አንዲት እናት ጠሩኝ። ስማቸው እንዳይጠራ ስለፈለጉ አልጠራውም። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ያንን በረንዳ የሚወለውሉት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ነይማ» አሉኝና ከአንዱ መስኮት አጠገብ አቆሙኝ። ስቱኮው ስለረገፈ የመስታወቱ ጠርዝ ዙሪያውን ይታይ ነበር። እጄን ይዘው ከላይ አስነኩኝ፤ ወፍራም ነው። ከታች አስነኩኝ፤ ስስ ነው። «መስታወት ወደ ታች ይፈሳል ካልሽ ይኼኛው ወዴት ፈሰሰ?» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ምስጋና ሳይሆን ማስተባበያ ነበር። «ምናልባት አንድ ጊዜ ወልቆ ገልብጠው ገጥመውት ይሆናል» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «ይሆናል፤ ታዲያ ሌሎቹንስ አይተሻል?» አሉኝ። አላየሁም ነበር። የአንድን ሂሳብ አንድ ደረሰኝ አይቶ ሌላውን ሁሉ ልክ ነው ብሎ መፈረም ማለት ነው። ይህን ከእኔ በታች የሚሠራ ሰው ቢያደርገው እቆጣው ነበር።

ሊቀ መንበራችን ነገሩን ስነግራቸው ድምፁ በአንድ ሳምንት እንዲቆይ አደረጉ። አንድ አናጺ ጠርተን የቀሩትን 22 መስታወቶች በጥንቃቄ አስወረድን፤ የትኛው ጎን ከላይ እንደነበረ በኖራ ምልክት አደረግንበት። ከጎረቤት የብረታ ብረት ቤት ካሊፐር ተውሼ የአራቱንም ጎን ውፍረት እየለካሁ በመዝገብ ጻፍኩ። ውጤቱ ይህ ነው፦ ከታች የሚወፍሩ 9፣ ከላይ የሚወፍሩ 6፣ ከጎን የሚወፍሩ 5፣ ዙሪያውን እኩል የሆኑ 2። ድምር 22።

ልብ በሉ፤ ዘጠኙን ብቻ ለክቼ ባቆም ኖሮ ወሬው እውነት በሆነ ነበር። ስድስቱ ግን ሽቅብ ሊፈሱ አይችሉም፣ አምስቱም ወደ ጎን። አንዱ ቤት፣ አንዱ ዕድሜ፣ አንዱ ፀሐይና ዝናብ ነው ያገኛቸው። መፍሰስ ከሆነ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር መፍሰስ ያለባቸው።

ታዲያ የድሮ መስታወት ለምን አንድ ጎኑ ይወፍራል? ይህንን ማታ ማታ እያነበብኩ ተማርኩ፤ መልሱ ከጠበቅሁት በላይ ለእኛ ቅርብ ነው።

መስታወት የሚሠራው ከአሸዋ፣ ከሶዳ አሽና ከኖራ ድንጋይ ነው። እነዚህ በከፍተኛ ሙቀት ቀልጠው ይዋሃዳሉ። በድሮ ጊዜ ለመስኮት የሚሆን ጠፍጣፋ መስታወት የሚሠራው በእጅና በትንፋሽ ነበር። አንደኛው መንገድ እንዲህ ነው፦ ባለሙያው የቀለጠውን መስታወት በረጅም የብረት ቱቦ ጫፍ ይዞ እንደ ፊኛ ይነፋዋል። ከዚያ በሌላ የብረት ዘንግ ተቀብሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እሳት ውስጥ መልሶ በፍጥነት ያሽከረክረዋል። ለስላሳው መስታወት በመሽከርከሩ ኃይል እንደ ጃንጥላ ይዘረጋና ሰፊ ክብ ይሆናል። ክቡ ግን ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ዘንጉ የተያያዘበት መሐሉ ወፍራም ነው፤ ወደ ዳር ሲሄድ ይሳሳል። ከዚህ ክብ ላይ አራት ማዕዘን መስታወቶች ሲቆረጡ አንዱ ጎን ወፍራም፣ ሌላው ስስ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ መስታወቱን እንደ ቧንቧ ረጅም አድርጎ ነፍቶ፣ በቁመቱ ሰንጥቆ፣ ምድጃ ውስጥ ዘርግቶ ማስተኛት ነው። ይህም ቢሆን ሞገድና ያልተስተካከለ ውፍረት ይተዋል።

እህቶቼ፣ እንጀራ ከጠርዝ ወደ መሐል ስታዞሩ ሊጡ መሐሉ ላይ ቢበዛ ምን ይሆናል? መሐሉ ይወፍራል። ያን እንጀራ ቆርሶ አንዱ ጫፍ ወፍራም ሆኖ ያገኘ ሰው «ሞሰቡ ውስጥ ተቀምጦ ፈሰሰ» አይልም፤ «የጋጋሪዋ እጅ ነው» ይላል። የእኛም በረንዳ መስታወት ውፍረት ከተሠራበት ቀን ጀምሮ አብሮት የነበረ ነው። የሠሪው እጅ ነው።

ወፍራሙ ጎን ብዙ ጊዜ ከታች መገኘቱስ? በአውሮፓ ገጣሚዎቹ ከባዱን ጎን ወደ ታች ማድረግ ይመርጡ እንደነበር ይነገራል፤ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ይህ አይገርምም። በዚያም ቢሆን ወፍራም ጎናቸው ከላይ ወይም ከጎን የሆኑ የድሮ መስኮቶች ተገኝተዋል። እኔ ከክፍል የሰማሁት ታሪክ እነዚህን ሳይቆጥር የቀረ ነው።

ሌላም ያሳሳተን ነገር አለ። ዛሬ የምንገዛው መስታወት ዳር እስከ ዳር እኩል ነው። በእንግሊዝ አላስተር ፒልኪንግተንና ባልደረቦቹ የቀለጠ መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ብረት ላይ አንሳፍፎ የመሥራትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1959 ለዓለም ካስተዋወቁ ወዲህ የመስኮት መስታወት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ይሠራል። ፈሳሽ በፈሳሽ ላይ ሲንሳፈፍ ራሱን ስለሚያስተካክል ሞገድ አይኖረውም። ስለዚህ አዲሱን እኩል፣ አሮጌውን ጎርባጣ አድርገን ስናይ ልዩነቱን ያመጣው ዕድሜ መሰለን። ልዩነቱ ያለው ግን አሠራሩ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ «መስታወት ፈሳሽ ነው» የሚለው ቃል ከየት መጣ የሚለውን ላንሳ፤ ፈጽሞ ከባዶ የተነሣ አይደለምና። በአብዛኞቹ ጠጣር ነገሮች፣ ለምሳሌ በጨውና በስኳር ቅንጣት ውስጥ፣ ጥቃቅኖቹ ክፍሎች ልክ እናንተ አሁን በረድፍ እንደተቀመጣችሁት በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው። በፈሳሽ ውስጥ ደግሞ እንደ ገበያ ሕዝብ ያለ ረድፍ ይተራመሳሉ። በመስታወት ውስጥ ያለው አሰላለፍ የገበያውን ይመስላል፤ ረድፍ የለውም። ነገር ግን ያ ሕዝብ ሁሉ በቆመበት ደርቆ፣ እጅ ለእጅ ተቆላልፎ መንቀሳቀስ አቁሟል። አሰላለፉን ብቻ ያየ ሰው «ፈሳሽ ይመስላል» ቢል እውነት አለው። «ይፈሳል» ካለ ግን ስቷል።

በወጥ ቤታችን የምናውቀው ምሳሌ ከረሜላ ነው። ስኳር አቅልጣችሁ ቶሎ ብታቀዘቅዙት የስኳሩ ቅንጣት ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲመቱት እንደ ብርጭቆ የሚሰባበር ነገር ይሆናል። እሱም በአሠራሩ የመስታወት ዓይነት ነው። ስኳሩም ጠጣር ነው፣ ከረሜላውም ጠጣር ነው፤ የተለየው የውስጥ አሰላለፉ ነው።

በዝግታ የሚፈስ፣ ጠጣር መሳይ ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። ለምሳሌ ሬንጅን እንውሰድ። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1927 ቶማስ ፓርኔል የተባሉ መምህር ሬንጅ መሰል ጥቁር ነገር በመስታወት ማንቆርቆሪያ ጨምረው እንዲንጠባጠብ አደረጉ። በመዶሻ ቢመቱት ይሰባበራል፤ ሲተዉት ግን ይወርዳል። እስከ 2014 ድረስ የወደቀው 9 ጠብታ ነው። ይህ በእርግጥ በጣም የሚዘገይ ፈሳሽ ነው። ሬንጁ ሲወርድ ማንቆርቆሪያው፣ ማለትም መስታወቱ፣ ቅርጹን እንደያዘ መቀመጡን ግን አስተውሉ።

የመስኮት መስታወት ለመለስለስ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። በረንዳችን ላይ ያ ሙቀት ቢኖር ኖሮ መስኮቱ ሳይሆን እኛ በቀለጥን ነበር። ስሌቱንም የሠሩ አሉ። በ1998 ኤድጋር ዛኖቶ የተባሉ የብራዚል ተመራማሪ የአብያተ ክርስቲያናት መስታወት በተለመደው የአየር ሙቀት ይፈሳል ወይ ብለው አስልተው፣ ለዓይን የሚታይ ለውጥ ለማምጣት ከዓለማችን ዕድሜ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ እንደሚያስፈልግ አሳዩ። በ2017 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በለንደን ዌስትሚኒስተር አቢ ካለው የመካከለኛው ዘመን መስታወት ጋር የሚመሳሰል መስታወት ሠርተው ፈተኑ። ያገኙት ውጤት በአንድ ቢሊዮን ዓመት ቢበዛ አንድ ናኖሜትር ያህል ሊወርድ እንደሚችል ነው።

ቁጥር ስለምወድ እኔም አካፈልኩት። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ መስኮት 800 ዓመት ቢቆም በዚህ ስሌት የሚወርደው ከዚያችው ከአንድ ናኖሜትር አንድ ሚሊዮንኛውን እንኳ አይሞላም። በሂሳብ ቋንቋ ይህ ዜሮ ነው። ሳንቲም ቀርቶ የሳንቲም ጥላም አይደለም።

ሩቅ አገር ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። ባልጩትን የማያውቅ አለ? ያ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ የተፈጥሮ መስታወት ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአዋሽ ዳር ባለችው በመልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰዎች መሣሪያቸውን ከእሱ ይሠሩ ነበር። ድንጋዩን ያመጡበት የነበረው አቅራቢያ ያለ ቦታ ባልጪት ይባላል፤ ስሙ ከባልጩት ጋር ያለውን ዝምድና ጆሯችሁ ይሰማዋል። ሁለቱም በ2024 አብረው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ በጋደሞታ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ደግሞ ከ200 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ ጠርዛቸው አሁንም ጠርዝ ነው። መስታወት በመቶ ዓመት የሚፈስ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ስለቶች ዛሬ እንደቀለጠ ሻማ ተድቦልቡለው በተገኙ ነበር።

ወደ ቤታችን ልመለስ። መስታወቱ ካልፈሰሰ ለምን ወደቀ? መልሱን አናጺው በአሥር ደቂቃ አሳየን። መስታወቱን ከፍሬሙ ጋር የሚይዘው ስቱኮ በዘመን ብዛት ደርቆ ረግፏል። የታችኛው የፍሬሙ እንጨት ደግሞ ውኃ እየተኛበት በስብሷል። ነፋስ ሲመጣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሲብስ ይወድቃል። ይህንን ሳናይ 22 አዳዲስ መስታወቶችን በዚያው የበሰበሰ እንጨት ላይ ብንገጥም ኖሮ በሚቀጥለው ክረምት እነሱም ይወድቁ ነበር። ያን ጊዜ ማንም «ፈሰሱ» ሊል አይችልም።

የበሰበሱትን እንጨቶች አስለወጥን፣ በአዲስ ስቱኮ አስመታን፣ የተሰበረውን አንዱን ብቻ በአዲስ ተካን። የወጣው ገንዘብ በፕሮፎርማ ከቀረበልን ዝቅተኛ ዋጋ ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም። ከጥቃቅን ወጪ ሂሳብ ተከፈለ፤ የብድር ሂሳቡ አልተነካም። ያቺ እህታችን ምጣዷን በተራዋ ገዛች። ዛሬ ከስብሰባው በኋላ የምትበሉት እንጀራ የእሷ ነው።

መስታወት ገጣሚውን አልወቅሰውም። እሱም እንደኔ የሰማውን ነው የደገመው። ሦስት ሰው የደገመው ወሬ ግን ሦስት ማስረጃ አይደለም። ከሁሉ ያሳፈረኝ ይህ ነው፦ ፋይሌ ሙሉ ነበር። ሦስት ፕሮፎርማ አለ፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ማኅተም አለ። ኦዲተር ቢመጣ አንድም እንከን አያገኝበትም። ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ሥራው ስንት እንደሚያወጣ ነግረውኛል፤ ሥራው ያስፈልግ እንደሆነ ግን አንዱም አልነገረኝም። ያንን የጠየቁት ጨርቅ ይዘው መስታወት የሚወለውሉት እናት ናቸው።

ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብኩትና የጸደቀ አንድ አሠራር አለ። ከእንግዲህ ለእድሳት የሚወጣ ማንኛውም ከፍ ያለ ወጪ ከፕሮፎርማው በፊት አንድ ገጽ ይቀድመዋል። በዚያ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ችግሩ ምንድን ነው፣ ምክንያቱን ማን በዓይኑ አይቶ አረጋገጠ፣ ዕቃውን በየቀኑ የምትነካው ሰው ምን ትላለች። ለደጋፊዎቻችንም ይህን በይፋ የምናገረው ገንዘባችሁ ከደረሰኝ ባለፈ በምን እንደሚጠበቅ እንድታውቁት ነው።

እናቶቼ፣ የተማረ ሰው ስለተናገረ ብቻ ዝም አትበሉ። እኛ የተማርንም፣ የምናውቀውን ከሰማነው እንለይ። እኔ ያን ዕለት ኮሚቴው ፊት «ሰምቼዋለሁ፣ ግን አላጣራሁትም» ብል ምንም አይጎድልብኝም ነበር።

ስትወጡ በረንዳው ላይ ቆም በሉ። ከግራ ሦስተኛው አዲሱ መስታወት ነው፤ በእሱ ውስጥ ዛፉ ቀጥ ብሎ ይታያል። በቀሩት 22 ውስጥ እንደ ድሮው ይወዛወዛል። ወፍራሙን ጎን ፈልጉና በእጃችሁ ንኩት፤ ከላይም፣ ከታችም፣ ከጎንም ታገኙታላችሁ።